አባቴ መጣች

ልጅ እያለሁ አንድ ፔዳል ብቻ ባለው ሳይክል፣ ማርሽ ያለውን አዲስ ሳይክል ቀድሜ ሻንቶ ገብቻለሁ። አታምኑም፣ አውቃለሁ። ሚስቴም አታምንም። ልጆቼማ ገና "ልጅ እያለሁ" ስል አንዱ ጫማውን ይፈልጋል፣ አንዷ ውሃ ልቅዳ ብላ ትወጣለች። ግን እውነት ነው። እኔ በዚህ ዕድሜዬ የምዋሸው ስለ ቦርጬ ብቻ ነው፤ እሱንም ሰው ሲጠይቀኝ።

የኔ ዘመን ልጆች ታስታውሳላችሁ፣ ያኔ ሶዶ ላይ ባጃጅ የሚባል ነገር አልነበረም። ደርግ ወድቆ ጥቂት ዓመት ቢሆነው ነው። ታናናሾቻችን በወላይትኛ መማር ጀምረዋል፤ እኛ ትልልቆቹ ግን በአማርኛ እንደጀመርን በአማርኛ እየተንገዳገድን ቀረን። መኪና ያለው ሰው በጣት ይቆጠራል፣ የራሱ ሳይክል ያለውም እንደዚያው። ለቀረነው ጋሽ ነስሩ ነበረልን። ጋሽ ነስሩ ቤተሰቦቹ ከስልጤ የመጡ ባለሱቅ ነው፤ ከፊት ሳሙናና ጨው ይሸጣል፣ በጎን ሳይክል ያከራያል። ወላይትኛውን ከኛ በላይ ያንቆረቁረዋል። "ሰውን በእናቱ ቋንቋ ስታወራው ዋጋ መከራከር ያፍራል" ይል ነበር።

ከሳይክሎቹ ሁሉ አንድ ጥቁር፣ ከባድ፣ "ኮርማው" ያልነው ነበረ። ግራ ፔዳሉ ወድቆ ብረቱ ብቻ ቀርቷል። ማንም አይከራየውም። እኔ የተነፈሰ ጎማ እለጥፍ ስለነበር ጋሽ ነስሩ እሱን በነጻ ይለቅልኛል። ማን አስተማረህ እንዳትሉኝ። ጎማ መለጠፍም፣ ሳይክል መንዳትም፣ ኋላ ደግሞ ጋዜጣ እያገላበጥኩ መጻፍም ራሴን ያስተማርኩት ራሴ ነኝ። ጎበዝ ተማሪ ነበርኩ፤ አስተማሪውም አይታማም። በቀኝ እግሬ ረግጬ፣ በግራው የቀረችውን ብረት በጫማዬ ጫፍ እየነካሁ ኮርማውን ስነዳው ያየ ሰው ሁለት ፔዳል ያለው ነው የሚመስለው። ሌላ ልጅ ከወጣበት ግን ዙሩን ሳይጨርስ ቦይ ውስጥ ነው የምታገኘው።

ሶዶ እንደምታውቋት ዳሞታ ተራራ ላይ ተደግፋ የተቀመጠች ከተማ ናት። እዚያ ሳይክል ወይ ትገፋዋለህ ወይ ይዞህ ይወርዳል፤ መሃል የለውም። መንዳት ያማረው ሰው ከተራራው ማዶ ወዳለችው ትንሽ ከተማ፣ ወደ ሻንቶ ነው የሚወጣው። ዳሞታን ከኋላህ ጥለህ ዳገት ቁልቁለቱን ስትጨርስ መሬቱ ድንገት ይተኛል። ውሃ ብትደፋበት በየት በኩል ልሂድ ብሎ ቆሞ ያስባል። ገበያ ካልሆነ በቀር መኪና የለም። ድንገት ቢመጣም አቧራው ከሩቅ ቀድሞ ይነግርሃል፤ ወርደህ፣ ሳይክልህን ባህር ዛፍ ላይ አስደግፈህ፣ ሽንትህን ሸንተህ፣ ሱሪህን ታጥቀህ ስትጨርስ ገና እየመጣ ነው።

የዚያ መንገድ ዝምታ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ። ካቴናው ሲዞር ትሰማለህ፣ ጎማው የላመውን አቧራ ሲከፍለው ትሰማለህ፣ ከእንሰቱ ጀርባ ሰው ሲስቅ ትሰማለህ፤ ሰውየውን ግን አታየውም። በየደጁ ጆንያ ላይ ዝንጅብል ተሰጥቷል። ፀሐይ ሲያገኘው ሽታው አፍንጫህን ቆንጠጥ አድርጎ ይለቅሃል። ዝናብ ካደረ ደግሞ የበቆሎ ማሳው ራሱ ይተነፍሳል፤ በአጠገቡ ስታልፍ ትንፋሹ ጉንጭህ ላይ ይሞቅሃል። እኔ መሪውን ለቅቄ፣ እጄን ደረቴ ላይ አጣምሬ፣ እንደ አስተዳዳሪ ቀና ብዬ ሳልፍ አሮጊቶች "ይሄ ልጅ እናት የለውም እንዴ!" ይሉ ነበር። አለኝ፤ ግን አታይም።

እንግዲህ በዚህ ደስታዬ ላይ ነው ሄኖክ የመጣብኝ። አባቱ ከአዲስ አበባ ወደ ሶዶ በሃላፊነት ተዛውሮ የመጣ ሰው ነው። ሄኖክ የኔ እኩያ፣ የክፍሌ ልጅ ነው፤ ፀጉሩን ይቀባል፣ ሸሚዙን ሱሪው ውስጥ ይከታል፣ ሳይክሉ ማርሽ አለው። ማርሹን ሲቀይር "ክሪክ" የምትል ድምፅ ነበረችው። ያቺን ድምፅ ለመስማት ከኋላው እንሮጥ ነበር። እኔም ሮጫለሁ፣ ምን እደብቃለሁ።

ሄኖክ አንድ ክፉ ልማድ ነበረው። የተናገርከውን ይይዝና ድምፅህን አስመስሎ መልሶ ይነግርሃል። የኛን አማርኛ ደግሞ ታውቁታላችሁ። ወላይትኛም ወንድና ሴት ይለያል፣ አይለይም እንዳትሉ። ግን እኛ አማርኛ ማውራት የለመድነው ገበያ ነው፣ ገበያ ላይ ደግሞ አብዝተው የሚያወሩት ሴቶች ናቸው። ስለዚህ ሰው ሁሉ "መጣች"፣ "ሄደች"፣ "በላች" ሆኖብን ቀረ።

እኔ ለትምህርት ብዬ ሶዶ አክስቴ ቤት ነበር የምኖረው። አባቴ ዳና ቅዳሜ ቅዳሜ ከገጠር ስኳር ድንችና በቆሎ ተሸክሞ ያመጣልኛል። አንድ ቅዳሜ ጋሽ ነስሩ ሱቅ በር ላይ ተሰብስበን ሳለን አባቴ ጆንያውን ትከሻው ላይ አድርጎ ከታች ብቅ አለ። እኔ ደስ ሲለኝ ምላሴ ይቀድመኛል። ብድግ አልኩና "አባቴ መጣች!" ብዬ ጮህኩ።

ሄኖክ ሳይክሉ ላይ እንደተቀመጠ አጨበጨበ። "አባቴ መጣች! አባቴ መጣች!" አለ በኔው ድምፅ። "አባትህ ሴት ናት እንዴ?" የአባቴን ስም ክፍል ውስጥ ስም ሲጠራ ሰምቶ ያውቀዋል። ወደሱ ዞረና ጎንበስ ብሎ "ወይዘሮ ዳና፣ እንኳን ደህና መጣሽ!" አለው።

ልጁ ሁሉ ሳቀ። ይሄስ ባልከፋ። አባቴም አብሮ ሳቀ። አማርኛ ብዙም ስለማይችል የሰላምታ ጨዋታ መስሎታል አልኩ በሆዴ። ጆንያውን አወረደ፣ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ፣ ሄኖክን ሊጨብጠው ሁለት እጁን ዘረጋ። ሄኖክ አልጨበጠውም። ማርሹን ክሪክ አድርጎ ሄደ። አባቴ እጁን እንደዘረጋ ትንሽ ቆየ፤ ከዚያ ያንኑ እጁን ወደ ጆንያው መልሶ አነሳው።

እዚያች ላይ ነው ከሄኖክ ጋር የተለያየነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ "መጣች" ሆነ። "መጣች፣ ጎማዬን ልጠፊልኝ!" "መጣች፣ የቤት ሥራ ሠርተሻል?" ለኔስ ይሁን፤ ሰው ስም ያወጣልኛል፣ ዛሬም ቢሆን ሦስት አራት አለኝ። ግን ቅዳሜ አባቴ በመጣ ቁጥር አፉን ያልፈታ ሕፃን ሳይቀር "ወይዘሮ ዳና! ወይዘሮ ዳና!" እያለ ይከተለው ጀመር። አባቴ ማለት የጸሎት ቤታቸው ሽማግሌ ነው፤ ሰው ሲጣላ ተጠርቶ የሚያስታርቅ ሰው ነው። ይኸው ሰው ጆንያውን ተሸክሞ፣ ዞር እያለ፣ ለሚሰድቡት ልጆች እጁን ያውለበልብላቸዋል። እኔ ከኋላ ሆኜ አያለሁ።

ሽማግሌዎች "የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ" ሲሉ እኔን አይተው ነው። ቂም እንደ ቆጮ ነው፤ ቶሎ ካወጣኸው አይበላም፣ ተቀብሮ ሲቆይ ነው የሚጣፍጠው። ስለዚህ ቀበርኩት። በየቀኑ እየሄድኩ እነካካዋለሁ፣ አሸትተዋለሁ፣ መልሼ እሸፍነዋለሁ። በመጀመሪያ የሄኖክን ጎማ በእሾህ ልወጋው አሰብኩ። ኋላ ሳስበው የሚለጥፈው ማነው? እኔው ነኝ። ተውኩት። ድንጋይ ልወርውር አልኩ፤ አባቱ ሹም ነው፣ የኔ አባት ነው የሚጠራው፣ ያንንም ተውኩት። ሳወጣ ሳወርድ ቆይቼ በመጨረሻ ሱቁ በር ላይ ሁሉም ባለበት ሄኖክ ፊት ቆምኩ።

"ሻንቶ ድረስ እንወዳደር።"

"በምንህ? በዚያ ኮርማ?"

"በሱ።"

"አንድ ፔዳል እኮ ነው ያለው፣ መጣች!"

"ላንተ አንድ ይበቃል።"

ልጆቹ "እሰይ!" ብለው ጮሁ። ከዚህ በኋላ ሄኖክ እምቢ ቢል እሱ ነው የሚሳቅበት። ውሉን ተዋዋልን። እኔ ካሸነፍኩ፣ ቅዳሜ አባቴ ሲመጣ ሄኖክ ሁሉም ፊት ተነስቶ፣ በሁለት እጁ ጨብጦ፣ "አቶ ዳና፣ እንደምን አደሩ" ይለዋል፤ "መጣች"ም "ወይዘሮ"ም ከዚያ ቀን በኋላ ይሞታል። ሄኖክ ካሸነፈ ደግሞ እኔ "መጣች" ባለኝ ቁጥር "አቤት" እላለሁ፣ ጋሽ ነስሩ ሱቅ በርም አልደርስም። ይሄ ማለት ኮርማውም ቀረ፣ የሻንቶ መንገድም ቀረ፣ አባቴም ዕድሜ ልኩን ወይዘሮ ሆኖ ቀረ ማለት ነው። አፌን ሞልቼ እሺ አልኩ።

ጋሽ ነስሩ ሚዛኑ ላይ ጨው እየሰፈረ ሲሰማን ቆይቶ "ቃል ቃል ነው" አለ። ሻንቶ ወንድሙ ሱቅ አለው፤ ዕቃ ሊያደርስለት ሲሄድ በጭነት መኪናው ከነሳይክላችን ሜዳው መጀመሪያ ድረስ ወስዶ ሊያወርደን ተስማማ። የወንድሙን ሱቅ በር ቀድሞ የነካ አሸነፈ።

ገበያ ባልሆነበት አንድ ጠዋት ወሰደን። መኪናው አውርዶን ሞተሩ እንደጮኸ ጋሽ ነስሩ በመስኮቱ ብቅ አለና "መንገዱ አንድ ነው፣ አትታጠፉም! የወደቀ ይነሳ፣ የተጣላ ይታረቅ፣ ቢስሚላህ!" ብሎን ሄደ። አቧራው እስኪወርድ ሁለታችንም ሳንተያይ ቆመን ጠበቅን። ያን ቀን በዚያ መንገድ ያየነው መኪና እሱ ብቻ ነው።

አቧራው ሲወርድ ሄኖክ ክሪክ አደረገ። ከዚያ በኋላ ያየሁት ጀርባውን ነው። ቀጥሎ ዝንብ አከለ። ቀጥሎ ዝንቡም ጠፋ።

እኔና ኮርማው ብቻችንን ቀረን። ቀኝ እግሬን በረገጥኩ ቁጥር "ለወይዘሮ!" እላለሁ፣ ብረቷን በነካሁ ቁጥር "ለዳና!" እላለሁ። ለወይዘሮ፣ ለዳና፣ ለወይዘሮ፣ ለዳና። አንድ ጥጃ ቀና ብላ አይታኝ ሳሯን ማኘክ ተወች። እውነቱን ልንገራችሁ፣ በዚያ መንገድ ላይ መናደድ ከባድ ነው። ፀሐይዋ ለስላሳ ናት፣ ሌሊት ዘንቦ አቧራው ከመንገዱ ዳር ዳሩን ረግቷል፣ የርግብ ድምፅ ከግራ ተነስቶ በቀኝ ይመለሳል። ልቤ "ተወው፣ ይሄን መንገድ ዝም ብለህ ንዳው" ይለኛል። እኔ ደግሞ የአባቴን የተዘረጋ እጅ አስታውስና እንደገና ለወይዘሮ፣ ለዳና እላለሁ። ቂሜን ይዤ የደረስኩት በግድ ነው፤ መንገዱ ሊያስጥለኝ ምንም አልቀረው።

ሻንቶ ልትደርስ ስትል መንገዱ ባህር ዛፍ በበዛበት ቦታ ይታጠፋል። እስክትታጠፍ ድረስ ከተማ ያለ አይመስልህም፤ ከታጠፍክ በኋላ ደግሞ ቆርቆሮው ዓይንህን ይወጋሃል። እኔ ይሄን አውቃለሁ። እና ወደዚያች መታጠፊያ ስጠጋ ምን አየሁ? ሄኖክ ሳይክሉን እየገፋ ወደኔ ይመጣል! ፊቱ በላብና በአቧራ ተለስኖ የወፍጮ ቤት ሠራተኛ መስሏል።

"ስማ፣ መንገድ ተሳስተናል እንዴ?" አለኝ። ከድንጋጤው የተነሳ "መጣች" ማለቱን ራሱ ረስቶታል።

"ምነው?"

"ሻንቶ ገና ነው ባክህ! ውሃዬን ጨርሻለሁ። እዚያ ጋ ዝንጅብል የሚያሰጡ እናት አሉ፣ 'ሻንቶ ሩቅ ነው እንዴ?' ብዬ ጠየቅኳቸው። 'ማታ' አሉኝ። ማታ! ገና እኮ ረፋድ ነው! የተሳሳትኩ መስሎኝ ደግሜ ብጠይቃቸው 'ማታ፣ ማታ!' ብለው እጃቸውን አወናጨፉብኝ።"

ወላይትኛ ለማታውቁ፣ በኛ ቋንቋ "ማታ" ማለት "ቅርብ" ማለት ነው።

ከንፈሬን ነከስኩ። ጉንጬን ከውስጥ ነከስኩ። የኮርማውን መሪ ብነክሰው በወደድኩ። ሄኖክ ሶዶ ከመጣ ዓመት አልፎታል። በኛ አማርኛ ለመሳቅ ጊዜ ነበረው፤ ከኛ ቋንቋ አንዲት ቃል ለመማር ግን ጊዜ አልነበረውም።

"አሮጊቷ እውነታቸውን ነው" አልኩት ዓይኑን እያየሁ። "ማታ ነው።"

"እና አንተ ልትቀጥል ነው?"

"ማታ ከሆነማ እገባለሁ።"

"እብድ ነህ! ጅብ ይብላህ!" አለና ሳቀ። "እኔ ልመለስ ነው። አንተም ሲያቅትህ ትመለሳለህ፤ እኩል ወጣን ይባላል፣ አለቀ።" ሳይክሉ ላይ ወጣ፣ ክሪክ አደረገና ወደ ሶዶ አቀና። ዞሬ አላየሁትም። ዞሬ ካየሁት እንደምፈነዳ አውቄዋለሁ።

ዋሽተሃል የሚለኝ ሰው አለ? ይምጣ! በእናቴ ቋንቋ፣ ዓይን ዓይኑን እያየሁ፣ እውነቱን ነግሬዋለሁ።

ትንሽ እንደነዳሁ ዝንጅብል የሚያሰጡትን ሴትዮ አገኘኋቸው። "ሳሮ" አልኳቸው፣ ሰላም ለማለት። እሳቸው ግን ለሰላምታ ጊዜ አልነበራቸውም። "ያ ያማረ ልጅ ምን ነካው?" አሉኝ በወላይትኛ። "ቅርብ ነው ስለው ሊያለቅስ ደረሰ። ደግሞ ጠየቀኝ፣ ቅርብ ነው፣ ቅርብ ነው፣ ያውልህ እዚያ ጋ ብዬ በእጄ ባሳየው ሮጠ። ሻንቶ ዕዳ አለበት እንዴ?" ያኔ ነው የፈነዳሁት። ከኮርማው ላይ ወድቄ ዝንጅብላቸው ላይ ተንከባለልኩ። በዚያ ውድድር የወደቅኩት ያኔ ብቻ ነው።

ታጠፍኩ። ቆርቆሮው ዓይኔን ወጋው። የጋሽ ነስሩ ወንድም ሱቅ በር ላይ ደርሼ ብረቱን በመዳፌ ስመታው ድምፁ እስከ ገበያው ተሰማ። ጋሽ ነስሩ የጨው ጆንያ ላይ ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል። ወደ ኋላዬ አየ፣ መንገዱን አየ፣ እንደገና እኔን አየ።

"ያኛውስ?"

"ተመለሰ።"

"ምን ሆኖ?"

ነገርኩት። ወላይትኛ እንደ ውሃ የሚያውቅ ሰው አይደል፣ ገና "ማታ አሉኝ አለ" ስለው ሻዩ በአፍንጫው ወጣ። ከጆንያው ተንሸራቶ መሬት ላይ ቁጭ አለ። ለወንድሙ ሊነግር ይጀምርና መሃል ላይ ሳቅ ያቋርጠዋል። በመጨረሻ ዓይኑን እየጠረገ "አይ ሄኖክ! የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" አለ። "ጋሼ፣ ሄኖክ እኮ ወንድ ነው" አልኩት። "ተረቱን እኔ አላወጣሁት! ያወጡትን አማሮች ጠይቃቸው!" አለኝ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ፤ የአማርኛው ባለቤቶችም ሲመቻቸው ሰውን ሁሉ "አፍሳ ለቀመች" ይሉታል፣ ማንም አይስቅባቸውም።

ቅዳሜ ደረሰ። ሄኖክ የ"ማታ"ን ትርጉም ሰምቶ ኖሮ ሱቁ በር ላይ ሙግት ጀመረ። "እኔ አልተሸነፍኩም፣ ተታልዬ ነው" አለ። ጋሽ ነስሩ ሚዛኑን አስቀመጠና እንደ ዳኛ እጁን አጣመረ። "መንገድ ጠየቅክ?" "አዎ።" "የዚያኑ አገር ሰው ነው የጠየቅከው?" "አዎ።" "እውነቱን ነገሩህ?" ሄኖክ መሬቱን በጫማው ጫረ። "አልገባህም እንጂ አልዋሹህም። ተነስ።"

አባቴ ከታች ብቅ አለ። ጆንያውን ተሸክሟል። ልጆች እንደ ልማዳቸው "ወይ..." ብለው ሲጀምሩ ጋሽ ነስሩ ገላመጣቸውና ዋጡት። ሄኖክ ተነሳ። ጆሮው እንደ በርበሬ ቀልቷል። ጎንበስ አለና ሁለት እጁን ዘርግቶ "አቶ ዳና፣ እንደምን አደሩ" አለ። እኔ ያን ጊዜ የተሰማኝን በጽሑፍ አላወጣውም። ማር ብትሉኝ ማር ይጎመዝዛል።

አባቴ ጆንያውን አወረደ። እጁን ሱሪው ላይ ቀስ ብሎ ጠረገ። የሄኖክን ሁለት እጅ በሁለት እጁ ያዘና አልለቀቀውም። ፊቱን ደስታ ሞላው።

"እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጄ! አንቺስ እንደምን አደርሽ? እናትሽ ደህና ናት? አድገሻል! ነይ፣ ነይ ቁጭ በይ፣ አትፈሪ!"

በሩ ላይ የነበረው ሰው እንደ ተገረሰሰ አጥር ወደቀ። ጋሽ ነስሩ ሳሙና እንደሚፈልግ ሰው ወደ ውስጥ ሮጦ ገባ፤ ከውስጥ ግን የሚሰማው የሳሙና ድምፅ አልነበረም። ሄኖክ ወዴት ይሂድ? እጁ አባቴ እጅ ውስጥ ነው። "አንቺ አትበሉኝ" እንዳይል፣ አክብሮ ሰላም ሊል ቃል ገብቷል። አባቴ ደግሞ እጁን እያወዛወዘ "እህትሽስ? ወንድምሽስ? አባትሽስ ደህና ናት?" ይላል። አባቱን ሳይቀር! ሄኖክ "ደህና ናት" ብሎ መለሰ። በገዛ አፉ!

ከአባቴ ጋር ወደ አክስቴ ቤት ስንሄድ ጆንያውን እኔ ተሸከምኩለት። ሳቄ ሲያልቅ ግን አዘንኩለት፤ ደግሞ ነገ ይህችን ይዘው በሱ እንዳይስቁ ፈራሁ። "አባ፣ ሄኖክ እኮ ወንድ ነው። አንቺ አይባልም፣ አንተ ነው የሚባለው" አልኩት በወላይትኛ።

"አውቃለሁ" አለኝ።

ቆምኩ። እሱ መንገዱን ቀጠለ።

"እኔ ጎረምሳ ሆኜ አዋሽ ወርጄ ጥጥ ስለቅም አለቃው የሚሰድበን በምን ይመስልሃል? በአማርኛ ነው። ያልገባኝ ስድብ የለም። የመጀመሪያው ቀንም ገብቶኛል።"

"ታዲያ ለምን ሳቅህ?"

"አንተ ፊት ላልቅስ?"

ጆንያውን አስተካክዬ ተከተልኩት። የአክስቴ በር ጋ ስንደርስ ጆንያውን ከትከሻዬ ተቀበለኝና "ይቅር ብዬዋለሁ እኮ፣ ጸሎት ቤት በስሙ ጸልዬለታለሁ" አለ። "ይቅርታው ለእግዚአብሔር ነው። ይቺን ደግሞ ለራሴ ነው ያደረግኳት።"

እንዲህ ያለ አባት ነው የወለደኝ፤ ከማን ወጣህ አትበሉኝ።

አሁን ያ መንገድ ሌላ መንገድ ሆኗል። ባጃጁ፣ ሚኒባሱ፣ ሞተሩ ይተራመስበታል። ባለፈው እሁድ ጠዋት ሳይክሌን ይዤ ወጥቼ ነበር፤ ቦርጬ ከመሪው ቀድሞ ሻንቶ የሚገባ ሰው ሆኛለሁ። ካቴናዬን ልስማ ብል ጥሩምባ ነው የምሰማው። አንድ ባለባጃጅ ጎረምሳ አጠገቤ መጥቶ "ፋዘር፣ ይድከም እንጂ ይደርሳል!" ብሎኝ አለፈ። ስሙን አጣርቻለሁ። ቤቱንም አውቄዋለሁ። ቀብሬዋለሁ፣ ይቆይ።

ሄኖክስ? ቤተሰቦቹ ተዛውረው ሄዱ፤ እሱ ግን ከብዙ ዓመት በኋላ አስተማሪ ሆኖ ሶዶ ተመደበ። ያን ሁሉ ቆንጆ የሞላበትን ከተማ ትቶ ማንን አገባ መሰላችሁ? የኔን ታናሽ እህት! አሁን ወላይትኛው ከኔ ልጆች ይበልጣል። በየጊፋታው፣ የዓመት በዓላችን ጠዋት፣ ከሁሉም ቀድሞ የአባቴ ደጅ ላይ የሚገኘው አማቹ ሄኖክ ነው። ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ይጨብጠዋል። አባቴ አርጅቷል፤ ዓይኑ ደክሟል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል። ግን አሁንም እጁን ይዞት "ነይ፣ ግቢ ልጄ" ይለዋል። የሄኖክ ልጆች መሬት ላይ ወድቀው ይስቃሉ። እኔ ከጥጉ ሆኜ ሥጋዬን እያላመጥኩ አያለሁ። ሰው አንዴ ተበቅሎ ይረካል፤ እኔ በየዓመቱ ይታደስልኛል።

አንዳንዴ ግን፣ ብቻዬን ስሆን፣ ያን ጠዋት አስባለሁ። አቧራው ረግቶ፣ ርግቡ ከግራ ጮኾ በቀኝ ሲመለስ፣ መንገዱ "ተወው" ሲለኝ። ያንን ዝምታ ለአንድ ረፋድ የሚመልስልኝ ሰው ቢገኝ ያለኝን ቂም ሁሉ፣ የባለባጃጁንም ጨምሬ፣ እሰጠው ነበር። ይሄ ከኔ አፍ ሲወጣ ቀላል ስጦታ እንዳይመስላችሁ።

አላመናችሁም፣ አይደል? ሶዶ ሂዱና ጠይቁ። ጋሽ ነስሩ አሁንም ሱቁ በር ላይ ነው፤ ጆሮው ከብዷል፣ ጮክ በሉ። ስትጠይቁት ሻይ ይዞ ከሆነ ግን ራቅ ብላችሁ ቁሙ። ሄኖክ ካቴናዬ ተበጥሶ ነው ይላችኋል፤ ስሙትና እለፉት፣ አማቼ ነው፣ ይከበር። እህቴን ጠይቋት። በቤታቸው ሲጣሉ የምትመዘው ይሄንኑ ታሪክ ነው። እሷም ካልበቃቻችሁ አባቴ በረንዳው ላይ ተቀምጧል፤ ይቅርታ የሚያውቅ፣ የማይዋሽ፣ የጸሎት ቤት ሽማግሌ ነው። ጠይቁት! ሂዱ እንጂ፣ ምን ትጠብቃላችሁ?